የቡሬ ውሃ

አባቴ በድሎኛል፤ ይህ ይመዝገብልኝ። በዚያ ሐሩር ቀዝቃዛውን ውሃ ለበሬ ሰጥቶ እኔን ልጁን የሚያቃጥል ሻይ አጠጥቶኛል።

ትናንት በቀትር፣ ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ ዘሃራ የዝንጅብል ሻይ ይዛልኝ መጣች። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። በሬያችንን ቡሬን ከጨፋ ሮቢት ገበያ ገዝተን ወደ ከሚሴ ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ አረፍን። እንስራዋ ውስጥ የቀረው ውሃ ጥቂት ነበር። ቡሬ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። አባቴ ውሃውን አጠጣው፤ የተረፈውንም አንገቱ ላይ አፈሰሰለት።

«አባ፣ ልጅህ እኔ ነኝ ወይስ ቡሬ?» አልኩት።

ሳቀ። «ቡሬ እንኳ እንዳንቺ አይነጫነጭም! ሻይሽን ጠጪ። ዳኛሽ ውስጥሽ ነው፤ እሱ ይፈርድልሻል።»

የምን ዳኛ እንደሆነ አልገባኝም። እያኮረፍኩ ጠጣሁት። ግንባሬም ጀርባዬም በላብ ራሰ፤ ከዚያ ከጨፋ ሜዳ ነፋስ መጣና ሰውነቴ ቀዝቀዝ አለ። ደስ እንዳለኝ ግን አልነገርኩትም። አላህ ይዘንለትና፣ ዛሬ ቢኖር እነግረው ነበር።

ዘሃራ ክሴን ሰምታ ሳቀች፤ ሳቋ የእሱ ነው።

«አኮ፣ አያቴ፣ ሰውነትሽ ሲሞቅ ራሱ ያውቃል። ላብ ያወጣል፣ ላቡ ሲደርቅ ያበርድሻል፣ ሲበቃውም ያቆማል። በሬ ግን እንደ ሰው አያልበውም። አንቺን ላብሽ አበረደሽ፤ ቡሬን ማን ያብርደው?»