በመስኩ ላይ ያለ ከብት፦ የለም

ባምላኩ ሁለቱን በሬዎቹን እየነዳ ከጨፌው የሣር መስክ አፋፍ ሲደርስ፣ የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች የእሱን ችካል ከመሬት እየነቀሉ ነበር። አንደኛው ሜትር ይጎትታል፤ ሌላው በችካሉ ፋንታ ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ይተክላል። ባምላኩ ሰላም ብሎ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። ለባለሀብት የሚሰጥ መሬት እየለካን ነው አሉት። በሬዎቹንም እንዲመልስ ነገሩት።

ቀኑ የ2000 ዓ.ም. አስተርእዮ ማርያም ነበር፤ ጨፌው የሚከፈትበት ቀን። ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ያለችው የባምላኩ ጎጥ መስኩን ከሰኔ ጀምራ ትከልለዋለች። ከብት ያስገባ ይቀጣል። በጥር፣ ገለባው ሲመናመን፣ ለእርሻ በሬ ብቻ ይለቀቃል። በሬዎቹ በጋውን አልፈው ለእርሻ የሚደርሱት በዚያ ሣር ነው።

ችካሎቹን ያመጣው ወንዳወቅ ነው። ባለፈው ክረምት የግጦሽ ባለሙያ ሆኖ ከወረዳ ተላከና፣ መንግሥትና ገበሬው መስኩን አብረው ይከታተሉ አለ። አራት ችካል፣ አንድ መለኪያ ዘንግና አንድ ጥራዝ ቅጽ ሰጠ። ለሥራው በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረው ባምላኩ ተመረጠ። ባምላኩ በየወሩ በማርያም ዕለት፣ ሞፈር በማይነካበት ቀን፣ የሣሩን ቁመት እየለካ ጻፈ። የቅጹ የመጨረሻ መስመር «በመስኩ ላይ ያለ ከብት» ይላል። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ «የለም» እያለ ሞልቶ ፈረመ። እውነቱ ያ ነበርና።

አንድ ጊዜ ጠርጥሮ፣ መከለሉንም ልጻፈው ወይ ብሎ ነበር።

«ለእሱ ቦታ የለውም አበልጄ። እኔ አውቀው የለ?» አለው ወንዳወቅ።

አበልጅ የተባባሉት ወንዳወቅ የባምላኩን የመጨረሻ ልጅ፣ ሀይሉን፣ ክርስትና ስላነሣ ነው። ጨፌው እንደሚከለል ያወቀውም የዚያን ዕለት፣ ባምላኩ ቤት ጠላ ይዞ ተቀምጦ፣ ከሽማግሌዎቹ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም አላየሁም ብሎ አመስግኗቸው ነበር።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ የመጣው ሹም ወረቀቱን አነበበ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ከብት ያልገባበት፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ ያደገ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት ነው አለ። ይህንንም ራሱ አርሶ አደሩ በፊርማው አረጋግጧል ብሎ ጥራዙን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሕዝቡ ወደ ባምላኩ ዞረ። ከፊት የተቀመጡት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «የኔ ልጅ፣ ፊደል የቆጠርኸው ለዚህ ነው?» አሉት።

ባምላኩ ተነሣ። ወንዳወቅ ከሹሙ አጠገብ ተቀምጧል።

«አበልጄ፣ ጨፌው ለምን ባዶ እንደ ነበር ንገራቸው።»

ወንዳወቅ ከወረቀቱ ቀና አላለም። «የሚታየው የተፈረመው ቅጽ ነው፣ አቶ ባምላኩ» አለ።

ከዚያ በፊት አቶ ብሎት አያውቅም።

በመጋቢት ወንዳወቅ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረ። ባለሀብቱ ጨፌውን በሽቦ አጥሮ ሄደ፤ ምንም አልዘራበትም። ባምላኩ ግንቦት ላይ አንዱን በሬ ቡሬ ገበያ ወስዶ ሸጠ። በሰኔ የቀረውን ከሰው በሬ ጋር አቀናጅቶ ለማረስ ቤት ለቤት ቢዞር፣ ከጎጡ እሺ ያለው አልተገኘም። የዚያን ዓመት መሬቱን አርሶ ምርቱን ለሚካፈል ሰው ለእኩል ሰጠ።