ከኮሎኔሉ በላይ የተሾመው

ትናንት አዳማ መናኸሪያ በር ላይ የተቆላ ለውዝ ገዛሁ። ጥርስ የለኝም፤ የገዛሁት ለሽታው ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ወንጂ ሳለን፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ለውዝ የሚጠቀልልልን የስኳር ፋብሪካው ፈረንጆች ትተውት በሄዱት የሥዕል መጽሔት ነበር። ቋንቋውን አናውቅም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ግን ቅባት የጠጣውን ገጽ እያቃናን፣ በላዩ ተሥለው በሰማይ ለሚፋለሙት ኃያላን ማዕረግ እንሰጥ ነበር። ኮከብ የሚወረውረው ጄኔራል፣ ፕላኔት የሚውጠው ግዙፍ ደግሞ ኮሎኔል ሆነ። አገር የሚገዛው ኮሎኔል ስለነበር፣ ከዚያ በላይ ማዕረግ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሊቅ ነበርኩ እኮ!

ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ የሚሄድበት ጠዋት፣ የኮሎኔሉን ሥዕል ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

«እሱ ይጠብቅሃል» አልኩት።

አባባ ሥዕሉን አውጥተው አዩት። ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ መዋጥ እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? የወሰደውን የሚመልስ የለም እዚህ ውስጥ?» አሉኝ።

በሩን ለምን እንዳዩ አልገባኝም። ጥያቄው ግን ገባኝ። ገጾቹን ሁሉ ባገላብጥ የሚመልስ አጣሁ። ሰው ወስዶ ሲመልስ ያየሁት የአውቶቡስ ሹፌርን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከኮሎኔሉ ራስ በላይ በእርሳስ ሹፌር ሣልኩና ሾምኩት።

ገመቹ ሳቀ። አባባ ግን ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሱ ውስጥ መለሱለት።

ከዓመታት በኋላ ገመቹ፣ እያነከሰም ቢሆን፣ እዚሁ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሹፌር ባየሁ ቁጥር ቀጥ ብዬ ወታደራዊ ሰላምታ እሰጣለሁ። ትናንትም ሰጠሁ፤ ለውዙን በያዝኩበት እጅ።