የአቻምየለሽ ድርብ ሺፍት

አቻምየለሽ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዕድሜያቸውን የሚደብቁ ሴቶች ሞልተዋል፤ እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት "አርባ ዘጠኝ! ምን ታመጣላችሁ?" ትላለች። አቃቂ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከፋብሪካው ጀርባ ባለችው የቴኒስ ሜዳ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚረታት ሴት አልተገኘም። በየዓመቱ የሠራተኞች ውድድር ሲደርስ ለሴቶች ያለችው አንዲት ቦታ የሷ ነበረች። ዋንጫ ይዛ የመጣችበት ዓመት አለ፤ ባዶ እጇን የተመለሰችበትም አለ፤ ሳትሄድ የቀረችበት ግን የለም።

ዘንድሮ አሰልጣኙ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ጠራት። ወንበር ሳበላትና ድምፁን አለስልሶ፣ "አቻሜ፣ እንግዲህ ለልጆቹ እንልቀቅላቸው እንጂ" አላት። ልጆቹ የሚለው አንዲት ልጅ ናት። ሒክማ ትባላለች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ። ራኬት አያያዝ ያስተማረቻት ራሷ አቻምየለሽ ናት።

"ትግጠመኝ፤ ካሸነፈችኝ ትሂድ" አለች አቻምየለሽ። "ካላሸነፈችኝ ምኑን ነው የምለቅላት?"

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጋጠሙ። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደች ትሄዳለች። የመጀመሪያውን አቻምየለሽ በብልጠት ወሰደች፤ ሁለተኛውን ሒክማ በጉልበት። በሦስተኛው ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ የአቻምየለሽም ጉልበት ይነድዳል። ቢሆንም በጌም አምስት ለአራት እየመራች ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራት። አንዲት ነጥብ! ሒክማ የመለሰቻት ኳስ ከፍ ብላ፣ ዘገም ብላ፣ መረቡ አጠገብ መጣችላት። ሕፃን ልጅ የማይስታት ኳስ ነበረች። አቻምየለሽ ክንዷን አነሳች።

ይሄኔ የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ። ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ የጠዋቱ ሺፍት አለቀ።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን አወረደችው! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ጩኸት ሲሰማ ተረካቢዋ ትመጣለች፣ እሷም ማሽኑን ለቃ ትወጣለች። እጇ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ኳሷ አጠገቧ ነጥራ አለፈች። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩት ባልደረቦቿ በሳቅ ፈረሱ፤ እነሱም በሷ ቦታ ቢሆኑ እኮ ያንኑ ነበር የሚያደርጉት።

ከዚያ ወዲያ ነገር ተበላሸ። አምስት እኩል ሆኑ፤ ቀጥሎም ሒክማ ስድስት ለአምስት መራች። ሜዳ ሊቀያየሩ ትንሽ ዕረፍት ሲሰጣቸው አቻምየለሽ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። አፈረች፣ ተናደደች፣ እውነቱን ለመናገር ፈራችም። በእጇ የገባውን ነገር በገዛ እጇ ጥላዋለች።

ቆይ ግን፣ ተረካቢዋ የቀረችበት ቀን ምን ታደርግ ነበር? አለቃው መጥቶ "አቻሜ፣ ዛሬ ድርብ ነሽ" ሲላት፣ በደከመ ጉልበቷ ሌላ ሙሉ ሺፍት ስትጀምር? የቀረውን ሰዓት አትቆጥርም። በማሽኖቹ መሃል አትሮጥም፤ የሮጠች ሴት ሁለት ሰዓት ሳትቆይ ትዘረራለች። አሥር ክር ቢበጠስ እንኳ ፊቷ ያለውን አንዱን ቋጥራ ነው ወደ ሌላው የምታልፈው።

"እሺ፣ ድርብ ገብቻለሁ" አለች ለራሷ፤ ተነሳች።

ውጤት መቁጠሩን ለዳኛው ተወችለት። ከነጥብ ወደ ነጥብ በእርጋታ ተራመደች፤ ላቧን በሻሿ ጠረገች፣ ሁለቴ በረጅሙ ተነፈሰች፣ መታች። የማትደርስባትን ኳስ "በደህና ግቢ" ብላ አሰናበተቻት። የምትደርስባትን ከፍ አድርጋ ወደ ኋላ መስመር ሰደደቻት፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ሒክማ ግን ቸኮለች። ጨዋታው ያለቀ መስሏት እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሏ ትመታለች፤ ኳሷም ወይ መረቡ ላይ ትቀራለች ወይ አጥሩን ትመታለች። ስድስት እኩል ሆኑ። በሁለት ካልተበላለጡ አያልቅምና ቀጠሉ። ሰባት ለስድስት። ስምንት ለስድስት!

አጥሩ ጋ እልልታው ቀለጠ። ሒክማ ራኬቷን ጥላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሰይፈሥላሴ እየሳቀ መጣ። "አቻሜ፣ ጉድ አሳየሽን! በቃ፣ አሁን መርቀሽ ለልጅቷ ልቀቂላት። ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያምርበት።"

ሰዉ ሁሉ አፍ አፏን ያያት ጀመር። የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር፤ ትመርቃለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ሁሉም ሆዱ ባብቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"አልለቅም" አለች አቻምየለሽ። "ላሸንፍ መጣሁ፣ አሸነፍኩ፣ እሄዳለሁ። ደስ ብሎኛል ደግሞ! ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ?" ከዚያ ወደ ሒክማ ዞረች። "ከቻልሽ ከርሞ ንጠቂኝ። በእጄ ግን አልሰጥሽም።"

ሒክማ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "እትዬ፣ ቢሰጡኝም አልቀበልም ነበር" አለች፤ "ከርሞ ግን አልምርዎትም።"

"እንዳትምሪኝ" አለች አቻምየለሽ፣ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ራኬት ከአቧራው እያነሳችላት። "ሰኞ ከሥራ ስትወጪ ነይ፤ ችኮላሽን እናስተካክላለን።"