አያቴ ያላንኳኩት በር

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስልኳን እያወዛወዘች «ቅዳሜ በማለዳ ይመጣሉ! ልጃቸው አሁን ኮል አደረገችልኝ!» አለችኝ። የሚመጡት የአምስተኛ ፎቋ እማማ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ካለው ማገገሚያ ቤት ወጥተው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሕንጻ ውስጥ ወዳለው ቤታቸው ሊመለሱ ነው። ቦርሳዬን ሳላወርድ ጮህኩ፤ እናቴን አቅፌ ዘለልኩ። ከዚያ ወረቀት አነሣሁ። በአማርኛ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ አሁን ግን እጄ አይፈራም። ደስታዬን ልጽፍ ነበር። ግን ከደስታው በፊት መጻፍ ያለበት ነገር አለ፤ እማማ ለማገገሚያ ቤቱ የበቁት በእኔ ምክንያት ነው።

ወንድ አያቴ በወጣትነታቸው ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ የጤና ሠራተኛ። የወሎ ሰው ናቸው። መንግሥት ከአሰብ ወጣ ብላ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ላካቸው። ለሁለት ዓመት ተብለው ሃያ ዓመት ቆዩ። ወንዶቹ በጀልባ ወጥተው ስለሚሰነብቱ ቤት የሚቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አያቴ ፀሐይዋ ሳትበረታ በየቤቱ ይዞራሉ። የሰሌን ቤት አይንኳኳምና ደጅ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ከውስጥ «አለሁ» የሚል ድምፅ ካልሰሙ ወደሚቀጥለው ቤት አያልፉም። «ክሊኒክ የሚመጣው አቅም ያለው በሽተኛ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ያልመጣው ነው» ይላሉ።

እኛ ሕንጻ ውስጥ ቀኑን ብቻቸውን የሚውሉ ብዙ የሀበሻ አዛውንት አሉ፤ ልጆቻቸው ሥራ ናቸው። አያቴ እዚህም ያንኑ ጀመሩ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሡና በየፎቁ ያንኳኳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሰማሉ። የአምስተኛ ፎቋ እማማ መልሳቸው የታወቀ ነበር።

«አለሁ! ምነው፣ ቤቴን ሊወርሱ ቸኮሉ?»

«ቤቱን ምን ላድርገው፣ ያስቸኮለኝ ሽሮዎ ነው እንጂ!» ይላሉ አያቴ።

እኔ ግን አፍር ነበር። አራተኛ ፎቅ የምትኖር የትምህርት ቤቴ ልጅ አለች። አንድ ቀን ባስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በእንግሊዝኛ «አያትሽ እኮ የሕንጻው አውራ ዶሮ ናቸው!» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ይበልጥ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ከሕንጻው ኦፊስ ደብዳቤ መጣ። ቤታችን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፤ አያቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ እናቴም ሥራ ላይ ነበረች። ደብዳቤው ጨዋ ነበር። አንዳንድ ጎረቤቶች በጠዋት ስለሚደነግጡ ከሦስት ሰዓት በፊት አያንኳኩ፣ መቀጠል ከፈለጉ ኦፊስ ብቅ ብለው የበጎ ፈቃደኛ ካርድ ይውሰዱ ይላል። ይኸው ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ማንኳኳት ክልክል ነው ይላል።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ከደገሙ ከቤት ያስወጡናል።»

እንዴት እንደቀለለኝ! አያቴ ደብዳቤውን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «እንግዲህ የሰው አገር ነው፤ ሕጉን ማክበር ነው» አሉ። በማግስቱ ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት እማማ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው አርሊንግተን ካለው ሥራዋ እስክትመለስ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ዋሉ። አምቡላንስ ሲወስዳቸው አያቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «እኔ በማንኳኳበት ሰዓት ነው የወደቁት» አሉ። ራት አልበሉም። እኔ በላሁ። ሦስት ወርም ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር የእማማ ልጅ ቤታችን መጣች። «አባባ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያያቸው ሰው ካላገኘሁ ቤታቸው ልመልሳቸው አልችልም። እርስዎ ቢረዱኝ?» አለች።

«ልጄ፣ ተከልክያለሁ እኮ» አሉ አያቴ። አንገታቸውን ደፉ።

እሷ እንደወጣች ተናገርኩ። «አባባ፣ ደብዳቤው እንደዚያ አይልም።»

ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «እንደገና አንብቢው።» አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው። ደብዳቤውን ተቀብለው አጠፉት።

«አፍረሽብኝ ነው?»

«አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«የእኔን ይቅር ብያለሁ። የእሳቸውን ግን እኔ ይቅር ልልልሽ አልችልም። ሄደሽ ንገሪያቸው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ አሌክሳንድሪያ አደረሰችኝ። ድልድዩ ላይ ትራፊክ ነበር፤ ምነው ባልደረስን እያልኩ ጸለይኩ። ደረስን። እማማ ወንበር ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ እጃቸውን አጨብጭበው «ውይ! እኔ እኮ ሰውዬው ሽሮዬ ሰልችቷቸው ነው ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር!» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ወለሉ ላይ ሆኜ ግን ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ዛሬ እንኳን ያንኳኳሉ ብዬ፣ ‹አለሁ› ልላቸው ትንፋሼን አጠራቀምኩ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። «ይቅር ብያለሁ ዛሬ አልልሽም፤ ቤቴ ስገባ እነግርሻለሁ» አሉኝ። እንግዲህ የቅዳሜው ደስታዬ እንዲህ ያለ ነው፤ እየጓጓሁም እየፈራሁም ነው።

ከአያቴ ጋር ኦፊስ ሄደን ካርድ ወስደናል። አሁን የሚዞረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአያቴ ጋር እኔ እዞራለሁ። በሥራ ቀን ግን ትምህርት ቤት ነኝ፤ የአያቴም ጉልበት ስምንት ፎቅ አይችልም። ሰው ያስፈልገናል። አያቴ ስጽፍ አይተው «እንግሊዝኛ የሚያነብ ሌላ ሰውም ይምጣ በይ፤ አንቺ ብቻ እንዳታነቢልኝ» አሉኝ። ይገባኛል፤ ይኸው ጻፍኩት።

እኛ ሕንጻ ያላችሁ፣ ላንግሊ ፓርክም ሆነ ሌላ አቅራቢያ የምትኖሩ፣ ጠዋት ጠዋት የአንድ ሰዓት ጊዜ መስጠት የምትችሉ፣ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ታች ፖስታ ሳጥኖቹ ጋ እንጠብቃችኋለን። ለካርዱ መታወቂያ ያዙ። መጀመሪያ የምንወጣው አምስተኛ ፎቅ ነው፤ አብራችሁኝ ውጡ።