ይሻው ተራራ ለተራራ ያዞራቸው እንግዳ

ከገሳይ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን በሚያነጣበት የተራራ ወገብ ላይ ይሻው የሚባል ገበሬ ይኖራል። ዕድሜው ከሃምሳ ጥቂት ያለፈ፣ አጠር ደልደል ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬቱን የሚያይ ሰው ነው። በአገሩ ስሙ የሚነሣው በሀብቱ አይደለም፤ ሀብት የሚባል ነገርም የለው። ስሙን ያስጠራው አለመዋሸቱ ነው። ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ "ይሻው ያየውን ይናገር" ይባላል። አንድ ጊዜ በገዛ አጎቱ ላይ መስክሮ፣ ሰውየው ሁለት ፋሲካ ሙሉ አኩርፎት ከርሟል። ሌላው ቢሆን ለሥጋ ዘመዱ ሲል "አላየሁም" ብሎ ያልፋት ነበር። ይሻው አያልፍም፤ ምን ይደረግ፣ አፈጣጠሩ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሽማግሌ እንግዳን ለሁለት ቀን ያታለለው እንግዲህ ይኸው ሰው ነው።

ምክንያቱ የገብስ ማሳው ነበር። ከቤቱ ጀርባ ከእናቱ የወረሳት አንዲት ማሳ አለችው። በዚያ ከፍታ ላይ ጤፍ አይታሰብም፤ ገብሱ ከያዘ ቤተሰቡ ይበላል፣ ካልያዘ ይራባል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከማሳዋ በላይ ደግሞ ጓሳ ሣር የለበሰ ተዳፋት አለ፤ በዚያ ተዳፋት ላይ ቀይ ቀበሮዎች ጉድጓድ ምሰው ይኖራሉ። ከተማ ያሉ ሰዎች ቀይ ቀበሮ ከዚህ ተራራ ጠፍቷል ይላሉ አሉ። ይሻውም ሆነ የሰፈሩ ሰው አልጠፋም ብለው የተከራከሩበት ቀን የለም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ተራራው ሊከለል ነው፣ አውሬ የተገኘበት ቦታ ገበሬው እየተነሣ ወደ ታች ይወርዳል የሚል ወሬ ተናፈሰ። ማን እንደጀመረው አልታወቀም፤ ችካል ይዞ የመጣ ሰውም የለም። ለብዙዎቹ ወሬው በዚያው ሞተ። የይሻው ጎረቤት ሙሉቀን ግን እንዲሞት አልፈቀደለትም። ሙሉቀን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራው ነገር ሲያጣ ሥራ የፈታ የሚመስለው ዓይነት ሰው ነው።

እንግዳው መምህር ዓለምነው ይባላሉ። አባታቸው ከዚሁ አገር ወጥተው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ ነው የወለዷቸው፤ ስለዚህ ስማቸው የጎንደር፣ አነጋገራቸው የድሬ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ደብረ ታቦር ባረፉበት ቤት ስለ ተራራው ሲጠያይቁ፣ ስልክ ተደዋውሎ፣ ተራራውን እንደ ይሻው የሚያውቀው የለም፤ ደግሞም አይዋሽም ተብለው ነው የተላኩት። የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ አንገታቸው ላይ የሩቅ መነጽር አንጠልጥለው፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር በብብታቸው ይዘው ደረሱ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ምኞታቸውን ተናገሩ፤ ለልጆች ሲያስተምሩት የኖሩትን ቀይ ቀበሮ አንድ ጊዜ በዓይናቸው ማየት፣ ሌላ ምንም።

ሙሉቀን ያን ዕለት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ይሻውን ወደ ደጅ ጠርቶ አስፈራራው። ጡረታ የወጣ ሰው ለቀበሮ ብሎ ከድሬዳዋ ድረስ ይመጣል ወይ አለው። መነጽሩን አየኸው፣ ደብተሩንስ አየኸው አለው። ቀበሮ አለ ያልክ ዕለት ማሳህን በገዛ አፍህ አስረከብክ ማለት ነው አለው። ይሻው ዘወር ብሎ ማሳዋን አየ፤ ገብሱ ዛላው ጎንበስ ብሎ ለአጨዳ ደርሶ ነበር።

ባለቤቱ ፈንታነሽ ነገሩን ስትሰማ አልወደደችውም። ወይ አለ በላቸው፣ ወይ የለም በላቸው፣ ሽማግሌ ሰው ግን አታንከራት ብላ ነገረችው። ይሻው ደግሞ የለም ማለት አቃተው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እስቲ ወጣ ብለን እንፈልግ ብሎ ዱላውን አነሣ። አፉ መዋሸት ስላልቻለ በእግሩ ዋሸ።

የመጀመሪያውን ቀን ወደ ምሥራቅ፣ አንድም ቀበሮ ወደማይደርስበት የገደል አፋፍ ወሰዳቸው። ያዝናሉ ብሎ ሲጠብቅ መምህሩን እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጢጥ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ሲበሉ አይተው፣ ምስር የሚለቅሙ ባልቴቶች ይመስላሉ ብለው ሳቁ። አንድ ትልቅ አሞራ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ሲለቀው፣ ከዚያ ወርዶ ስብርባሪውን ሲውጥ ጊዜ፣ በዚያ ብርድ ኮፍያቸውን አወለቁ። ይሻው ያን አሞራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቆሞ ያየው ግን ያን ዕለት ነው። መምህሩ ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ። እርሳሳቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይሻው ይሠጋል፤ የሚጽፉት አሞራውን ይሁን መሬቱን በምን ያውቃል?

በሁለተኛው ቀን ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው፤ ሁለት ሸለቆ ወርዶ ሁለት ሸለቆ መውጣት ነበር። መንገዳቸው ላይ ወንፈል ተጠራርተው የአንዱን ጎረቤት ገብስ እየዘፈኑ የሚያጭዱ የሰፈር ሰዎች አገኙ። መምህሩ ማጭድ ካልሰጣችሁኝ አሉ። አንድ ነዶ የሚሆን እንኳ ሳያጭዱ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግን ወደዷቸው። ቆሎና ጠላ ተሰጣቸው። ዘፈን አውራጁ የሚያወጣውን ግጥም እያስደገሙ አንድ በአንድ ጻፉ። ሥራና ዘፈን እንዲህ አብሮ ሲሄድ አይቼ አላውቅም፣ ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻዬን ስለፈልፍ ኖርኩ ብለው ሲነግሯቸው አጫጆቹ ከልባቸው አዘኑላቸው።

ውዴ የምትባል ሴት ጠላውን እየቀዳች ምን ፍለጋ እንደመጡ ጠየቀቻቸው። ቀይ ቀበሮ አሉ። "ቀበሮማ እዚያ ከ..." ብላ ስትጀምር ይሻውን ሳል ያዘው። እንዲህ ያለ ሳል በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። አጫጆቹ ማጭድ ማጭዳቸውን ማየት ጀመሩ፤ ውዴም ቀበሮማ እግዜር ነው የሚያውቀው ብላ ነገሩን አድበሰበሰችው። በዚያ ማሳ ላይ ቀበሮዎቹ የት እንዳሉ የማያውቁ የሚመስሉት መምህር ዓለምነው ብቻ ነበሩ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ቤት ደረሱ። በዚያ አገር እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ራሴ ታጥቤአለሁ ብለው አምልጠው ነበር፤ ከተሜ ስለሆኑ አፍረው ነው ተብሎ ታለፈ። በሁለተኛው ቀን ግን ፈንታነሽ አልሰማም አለች። ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቅርባ ተንበረከከች። የግራ ካልሲያቸውን ስትስበው አልወጣ አላት፤ ከቁስል ጋር ተጣብቆ ነበር። በውሃ አርሳ ቀስ ብላ ስታወጣው የተረከዛቸው ቆዳ ተልጦ፣ ጣቶቻቸው ውሃ ቋጥረው፣ አንዱ ጥፍር ጠቁሮ ታየ። ቀኙም ከዚያ አይሻልም። ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳ አመመኝ አላሉም።

ፈንታነሽ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ከዚያ ተነሣች።

"ይኼን ያመጣኸው አንተ ነህ" አለችው፤ "አንተው እጠብ።"

ይሻው ልጅ ሳለ ካልሆነ የሰው እግር አጥቦ አያውቅም። ተንበረከከ። እግራቸውን በመዳፉ ሲይዘው ቅለቱ ገረመው፤ ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ሸለቆ ያስወጣውና ያስወረደው ይህን እግር ነው። በዕድሜው እንዲያ አፍሮ አያውቅም። ውሃውን እያፈሰሰ ቁስሉን ሲያጥብ እንባው መጣበት፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

"መምህር" አለ ቀና ሳይል፤ "ቀበሮዎቹ አሉ። ከቤቴ ጀርባ፣ ከማሳዬ በላይ ናቸው። እኔ ነኝ ያንከራተትሁዎ። መሬቴን ይለኩብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ከፈለጉ ነገ ይለኩት፤ ይኼን እግር ግን ከዚህ በላይ ማየት አልችልም።"

ፈንታነሽ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች። የመምህር ዓለምነው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይሻው የሚያለቅሱ መስሎት ቀና ሲል እየሳቁ ኖሯል።

ነገሩ የገባቸው ገና የመጡ ዕለት ነበር። ከማሳው በላይ ፍልፈል የቆለለውን አፈር አይተዋል፤ የቀበሮ ዋና ምግብ የሆነው ፍልፈል እንዲያ በበዛበት ቀበሮው ሩቅ እንደማይሆን ደግሞ ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። ይሻው ጀርባውን ለተዳፋቱ ሰጥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲመራቸው አውቀው ነው የተከተሉት። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብሎ ጠየቃቸው።

"የማላውቀው ሰው መጥቶ ልጆችህን አሳየኝ ቢለኝ እኔም ዝም ብዬ አላሳይም" አሉ። "ቀበሮዎቹን ከእኔ የምትጠብቅላቸው መስሎኝ ወደድኩህ። እስክታምነኝ ልጠብቅ አልኩ። ለካ የምትጠብቀው ገብሱን ነው።"

ይህን ሲሰማ ይሻው የባሰውን አፈረ፤ ያልሆነውን ሆኖ ተወዶ ነበርና። መምህሩ ግን ደብተሩን ዘርግተው ሰጡት። ይሻው በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል፤ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከጉልበቷ ሕመም የተነሣ አብራቸው መምጣት ላልቻለች ባለቤታቸው የተጻፈ ነበር፤ ሲመለሱ ሊያነቡላት። ስለ ጭላዳዎቹ አለ። ስለ አሞራው አለ። የፈንታነሽ ድንች ወጥ ግማሽ ገጽ ወስዷል። ገደሉ ጠርዝ ላይ ይሻው እጃቸውን አጥብቆ ይዞ እንዳሻገራቸው፣ ሲበርዳቸው ጋቢውን አውልቆ እንዳለበሳቸው፣ እሱ ራሱ የረሳው ነገር ሁሉ ተጽፏል። ስለ መሬት አንዲት ቃል አልነበረችም።

ማንም እንዳልላካቸው ነገሩት። ስለ ቀበሮዎቹ ከባለቤታቸው በቀር ለማንም እንደማይናገሩ፣ መናገር ካስፈለገም የሚናገረው ይሻው ራሱ እንደሆነ ቃል ሰጡት። ይሻው ደብተሩን አጥፎ መለሰ። ሁለት ቀን ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ወረደለት። ያን ምሽት የሁለት ሰው ራት በላ፤ ፈንታነሽም ትጨምርለት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የመምህሩ እግር ጫማቸው ውስጥ አልገባ አለ። የፈንታነሽን የላስቲክ ጫማ አድርገው፣ በይሻው ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈለግ የነበረው ቦታ ከቤቱ በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ከማሳው ዳር ሆነው ሲያዩ ግን ገብሱ ከለላቸው። ይሻው ጥቂት አመነታ። ከዚያ ፊት ቀድሞ ገብሱ ውስጥ ገባና በላይኛው ጠርዝ በደረቱ ተኛ፤ አጠገቡም ያለውን በክንዱ ደፍጥጦ ጋቢውን አነጠፈላቸው።

ፀሐይ ተዳፋቱን ስትነካው እናቲቱ ብቅ አለች። ዙሪያውን አሽትታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሦስት ቡችሎች እየተገፋፉ ወጡ፤ አንዱ የእናቱን ጅራት ነክሶ ይጎትት ጀመር። መምህር ዓለምነው መነጽራቸውን አልነኩትም፤ ቅርብ ነበሩ። በኋላ ወደ ይሻው ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ሲስሉት ጅራቱን እንደ ውሻ ቀጭን አድርገው ይሠሩት እንደነበር፣ እንዲህ ጎፈር ያለ ጥቁር ጫፍ እንዳለው ልብ ብለው እንደማያውቁ በሹክሹክታ ነገሩት። ስንት ልጅ አሳስቻለሁ አሉ። ይሻው ሳቁ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ።

ያን ጊዜ ሙሉቀን ከታች በመንገድ ሲያልፍ አያቸው። እንግዳውንና ይሻውን ገብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ይሻው በእጁ ጠራው። ሙሉቀን እየፈራ፣ እየቆመ፣ እየተራመደ መጣ፤ የሚያዩትን ሲያይ እሱም ቀስ ብሎ ከጎናቸው ተኛ። ዕድሜ ልኩን ያያቸው ቀበሮዎች ናቸው፤ ግን ተኝቶ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

ቁርሱ ሲዘገይ ፈንታነሽ ልትጠራቸው ወጣች። ማሳው ዳር ስትደርስ ሦስት ወንዶች የተኙበትን አየች።

"ያን የደረሰ ገብስ ጨረሳችሁት እኮ" አለች።

ይሻው ዞር ብሎ አየ። የሁለት አልጋ ስፋት ያህል ገብስ መሬት ለመሬት ተኝቷል። ፊቱን ወደ ጉድጓዱ መለሰ።

"ይሁን" አላት፤ "ድምፅሽን ቀንሺ፣ ቡችሎቹ ይሸሻሉ።"