እሳቸው ሲስቁ ቁጥሩ ሲያሻቅብ

ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት ካዛንቺስ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ጠዋት ከጎተራ ኮንዶሚኒየም በታክሲ እመጣና ጭንብልና ጓንት ደርቤ ከሰው ደም ጋር እውላለሁ። የታማሚዎቹን ፊት አላውቅም፤ የማውቀው ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን የካርድ ቁጥር ነው።

አንድ ታማሚ ግን አወቅኩ። ወሎ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ናቸው። በኮሮና ታመው ሆስፒታሉ በተኙ ማግስት ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸው ስለነበር ደማቸውን ልቀዳ እኔው ሄድኩ።

«ልጄ፣ ትንሽ ለእኔም ተይልኝ እንጂ!» ብለው ሳቁ። ያስላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፤ ጣታቸው ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን ደህና ናቸው ይላል።

ሲአርፒ የምንለው ምርመራ አለ። ሰውነት ውስጥ የሆነ ነገር ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው የሚለካው። የእሳቸውን ሠርቼ ውጤቱን ሳይ ክው አልኩ። ከመጀመሪያው ቀን ሦስት እጥፍ ሆኗል! ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ወረቀቱን ይዤ ሊፍት እንኳ ሳልጠብቅ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ተረኛዋ ሐኪም እኩያዬ ናት። ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ሰውየው እኮ አሁን ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ነው» አለችኝ።

«እኔም አይቻቸዋለሁ። ግን በአንድ ቀን እንዲህ ሲዘል ዝም ይባላል?»

ወረቀቱን እንደገና አየችው። «በቃ፣ ሌላ ደም ቅጂና አሁኑኑ ሥሪልኝ።»

ሠራሁት። ጭራሽ ጨምሯል። ያኔ እሷም አላመነታችም፤ ኦክስጅን ወዳለበት፣ ነርሶቹ ፊት ለፊት ወደሚገኘው አልጋ አዛወረቻቸው። መምህሩ ተቆጡ። «ደህናውን ሰው የት ነው የምትወስዱት?»

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትንፋሻቸው አጠረ፤ የኦክስጅን መጠናቸውም ወረደ። ኦክስጅኑ አጠገባቸው ስለነበር ግን ሲሊንደር ፍለጋ የሮጠ ሰው አልነበረም። ወዲያው ኦክስጅኑ ተደረገላቸው፣ መድኃኒታቸውም ተጀመረ። ሐኪሟ ላብራቶሪ ድረስ ደውላ፣ «አየሽ! ቀድመናል እኮ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የእሳቸውን ደም ማሽኑ ላይ አስገብቼ ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም። ለሁለት ቀን ቁጥሩ እዚያው ቆመ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። ብቻዬን «ወረደ!» ብዬ ጮህኩና የሥራ ባልደረባዬን አስደነገጥኩት።

ልነግራቸው ስሄድ ኦክስጅናቸውን እንዳደረጉ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁጥር ከሆነማ ለእኔ ነው የሚሰጠው። ወረቀት አምጪ!»

የየቀኑን ውጤት ተቀብለው ግራፍ ሠሩ። መስመሩ ወጣ፣ ቆመ፣ ታጠፈ። የታጠፈበትን ቦታ በእስክሪብቶ መታ መታ አድርገው «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነው የዳንኩት» አሉኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

እኔና ሐኪሟ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ታማሚ የመጀመሪያና የሁለተኛ ቀን ውጤት ጎን ለጎን መጻፍ ጀመርን። ሁልጊዜ አልሠራልንም። ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ ሳለ አንዲት እናት አርፈውብናል፤ ያን ቀን ሁለታችንም ምሳ አልበላንም። ቢሆንም ሕመሙ ሊጠናበት ያለውን ታማሚ ገና ሳይጠናበት መለየት እየቻልን መጣን። ደብተራችንን ይዘን የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገባን።

ኃላፊውም ገጹን እያገላበጡ ብዙ ጠየቁን፤ በመጨረሻ «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ ምርመራው ለሁሉም በሁለተኛው ቀን ይደገም» አሉ።

በማግስቱ ላብራቶሪ ስገባ የብልቃጥ መደርደሪያው ሞልቶ ጠበቀኝ። ሥራዬ እጥፍ ሆኗል። ጋውኔን እስክቆልፍ እንኳ አላስቻለኝም፤ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አነሳሁ።