ካርታው ላይ ያለው መንገድ

ትናንት በብስክሌት የሚጓዙ ሁለት ወጣቶች መካነ ኢየሱስ ከተማ ከደጄ ቆመው የወረቀት ካርታ ሲዘረጉ፣ የወረቀቱ ሽታ ልጅነቴን ቀሰቀሰው።

ያን ጊዜ ወገዳ ከተማ ታማ የተኛችውን እናቴን ለማየት አባቴ በብስክሌታቸው አፈናጥጠውኝ ከዚሁ ተነሣን። የአባቴ ካርታ አቋራጭ መንገድ ያሳያል፤ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ግን መንገዱ አለቀ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ዝንጀሮ እንጂ ሰው አይወርድም» አለ በሬዎቹን ያቆመ አራሽ።

«ካርታው ላይ አለ እኮ» አሉ አባቴ።

«እንግዲያ በካርታው ላይ ይንዱ።»

እኔ ሳቅሁ። አባቴ «ሊሠሩት አስበው የሳሉት ነው» ብለው ወረቀቱን አጣጠፉ፤ የታሰበው ሁሉ እንደተሠራ ሆኖ ወረቀት ላይ እንደሚሰፍር የገባኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሁ በኋላ ነው። በሩቁ መንገድ ዞረን ስንደርስ እናቴ ተቀብራ ነበር።

ያችው ቀጭን መስመር በወጣቶቹም ካርታ ላይ ተስላለች፤ መንገዱ ግን ዛሬም አልተሠራምና በዚያ እንዳይሄዱ መከርኋቸው።

«ጋሼ፣ ካርታው ላይ አለ እኮ» አሉኝ።